ጋሼ ውብሸትና የሙቄ ምንጭ

የጋሼ ውብሸትን መሞት የሰማሁት ወረኢሉ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ግንበኛው ሰይድ ነበር። በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ አብረን የሠራን ሰው ነው። ጢሙ ሸብቶ፣ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ሲመጣ ድምፁን ባልሰማ ኖሮ አላውቀውም ነበር።

«አፊያ ነሽ ወይ የሺ? ቤተሰብ ሁሉ አፊያ?» አለኝ። ብዙ ተጠያየቅን። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«ውብሸትን አልሰማሽም መሰለኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ሞተ። ዓባይ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ የእህል መጋዘን እየሠራ ሳለ ታመመ አሉ። እዚያው ቀበሩት። ከቀባሪዎቹ መሀል አንድም ዘመድ አልነበረም።»

«መቼ ነው?»

«ዓመት አልፎታል። እኔም የሰማሁት በቅርቡ ነው።»

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ያስለቀሰኝ መሞቱ ብቻ አልነበረም። እሱ አፈር ከለበሰ በኋላ ያን ሁሉ ጊዜ እኔ በሕይወት እንዳለ ሰው እያሰብኩት፣ አንድ ቀን አገኘዋለሁ እያልኩ መቆየቴ ነው።

ጋሼ ውብሸት የአገራችን ልጅ ነው። ከቄስ ቤት ተወለደ፤ ዳዊት ደገመ፤ ዲቁናም ተቀበለ። ከዚያ በጎረምሳነቱ ወደ አዲስ አበባ ኮብልሎ የሕንፃ ሥራ ተማረ። ተመድቦ ወደ መካነ ሰላም ሲመለስ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ በጋ ከክረምት አንድ የወታደር ካፖርት የማያወልቅ ሰው ነበር። አንቱ ሲሉት ይቆጣል። «አንቱ የሚባሉት አባቴ ናቸው፤ እኔ ገና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ጋሼ እያልን አንተ እንለው ነበር።

እኔ ያኔ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ሱቃችን አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ነው። የመካነ ሰላምን የኅዳር ጠዋት የማያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ አይገባውም። ውርጩ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ስኳር ስመዝን ጣቶቼ ሚዛኑን አይሰሙትም። ከወግዲ እህልና ቅቤ ይዘው ለገበያ የሚመጡ ሴቶች ደግሞ ማደሪያ ስለሌላቸው ከሱቁ ግድግዳ ሥር ተደጋግፈው ያድሩ ነበር። አንዳንዷ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛለች።

ማኅበሩ አዲስ ቤት ለመሥራት ወሰነ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሱቅ፣ መጋዘን፣ ሻይ ቤትና ለገበያተኛ ማደሪያ ያለው ቤት ነው የታሰበው። ጋሼ ውብሸት ሥራውን እንዲመራ ተላከ፤ እኔም ከሴቶች ማኅበር በኩል የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁላችንም የምንጠብቀው ሲሚንቶና ብረት ከየት እንደሚመጣ ይነግረናል ብለን ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተና ከከተማው በላይ ያለውን የተራቆተ ጋራ አሳየን።

«እዚያ ላይ እንጨት ይታያችኋል?» አለ።

«የለም» አልን።

«የምናነደው ኩበት ነው። ኩበቱ ደግሞ የማሳው ነበር። እንግዲህ ይህ ቤት እሳት ሳይነድበት መሞቅ አለበት።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንተ ልጅ፣ በምን ሊሞቅ ነው? በመፈክር ነው?»

ሁላችንም ደነገጥን፤ ያ ጊዜ እንዲህ የሚቀለድበት አልነበረም። ጋሼ ውብሸት ግን ከሁላችን በላይ ሳቀ። «በሙቄ ነዋ!» አለ።

ሙቄ ከከተማው ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ሥር ከአለት የምትፈልቅ ምንጭ ናት። ውሃዋ አሁን እንደታለበ ወተት ለብ ያለ ነው። ጠበል ናትና ጉልበቱ ያበጠ፣ ወገቡ የያዘው፣ የወለደችም ሳትቀር እዚያ ይታጠባሉ። ክርስቲያን እስላም አትለይም ነበር። ከጠበሉ ቤት አልፎ የሚተርፈው ውሃ ግን እንፋሎቱን እያነሣ ወደ ገደሉ በከንቱ ይፈስሳል። ጋሼ ውብሸት የፈለገው ያንን ነው።

የጠበሉ ባለቤት፣ ማለት ጠባቂው፣ መምሬ አላምረው ነበሩ። ጋሼ ውብሸትን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ለማስፈቀድ ሲሄድ ሰይድና እኔ አብረነው ሄድን። መምሬ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ገበያተኞቹ ሴቶች ከነልጆቻቸው ይተኙበታል ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲያው ትርፉን ውሰድ። እሷም ለዚህ ብትሆን ደስ ይላታል።»

ሥራው ከሁለት በጋ በላይ ወሰደ። ጋሼ ውብሸት ጭቃ ሳያሸት አያስገነባም። እፍኝ ጭቃ ወደ አፍንጫው ያስጠጋና «ይሄ ገና አልቦካም፤ ይደር» ይላል። ግድግዳው ድርብ ነው። በሁለቱ የድንጋይ ግንብ መሀል የጤፍ ጭድ ከአመድ ጋር ጠቀጠቅን፤ አመዱ ተባይ እንዳይገባ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የሸምበቆ ኮርኒስ ሠርቶ በላዩ ጭድ ያለበት ጭቃ አስመረገ። መስኮቶቹን ሁሉ ወደ ፀሐይ መለሳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጽድ እንቁረጥ ሲሉት «አንዲት ቅርንጫፍ አትነካም» ብሎ በባሕር ዛፍ ሠራ። የብረት ቱቦ ስላልተገኘ ሸክላ ሠሪዎቹን ሴቶች ሰብስቦ እንደ ገንቦ አንገት የሚሰካካ የሸክላ ቱቦ አሠራቸው። ያ ቱቦ ከሙቄ ተነሥቶ፣ ጭድና አፈር ለብሶ፣ ከወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር እየተጠማዘዘ ያልፋል።

አንድ ቀን ሰይድ ሊሞቅ ብሎ ቁርጥራጭ እንጨት ሰብስቦ እሳት አያያዘ። ጋሼ ውብሸት እየሮጠ መጥቶ በካፖርቱ ጫፍ እየደበደበ አጠፋው።

«አንተ ሰው፣ ጣሪያዬን ነው የምታነደው!»

«ወላሂ በረደኝ እኮ!»

«በረደህ? እንግዲያው ቶሎ ጨርስና ወለሉ ላይ ተኛ!»

ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ሰይድ ትከሻ ላይ ጣለለት። ካፖርቱን ሲያወልቅ ያየነው ያኔ ነው። እስከ ማታ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሠራ።

ውሃው ከወለሉ ሥር የተለቀቀ ቀን ምንም አልተሰማንም። በማግሥቱ ጠዋት ውጭው ውርጭ ሆኖ ስገባ ግን ሙቀቱ በጫማዬ ሶል በኩል መጣ። የገበያ ቀን ስለነበር ከወግዲ የመጡት ሴቶች ገቡ። አንዷ ባልቴት በባዶ እግሯ ወለሉን ረግጣ ክው አለች።

«ኧረ በአላህ! ይሄ ቤት ነፍስ አለው እንዴ?»

ልጆቹን ወለሉ ላይ አስተኟቸው። ጋሼ ውብሸት በሩ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሌላ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ያ በጋና የሚቀጥለው ክረምት የሕይወቱ ምርጡ ጊዜ ይመስለኛል። ከደሴ ሳይቀር ሰው እየመጣ ያይለት ነበር፤ መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው ተባለ። እሱም መመስገንን አልጠላውም። ቤቱን ለእንግዳ ሲያሳይ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከላይ አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኝ ነው ከተባለ በኋላ ነው። ለጉብኝቱ ዝግጅት አንድ ካድሬ ተላከ። ቤቱን ዞሮ አየና ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆኑ አራት ክፍሎች እንዲጨመሩ፣ እነሱም እንዲሞቁ አዘዘ። ጋሼ ውብሸት የምንጩ ትርፍ ውሃ ለዚያ አይበቃም አለ።

«ታዲያ ምንጩን አስፉት» አለ ካድሬው። «ከሥር ገና ስንት ውሃ አለ!»

ጋሼ ውብሸት በመጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። በኋላ ግን ብቻውን ወደ ሙቄ መመላለስ ጀመረ። አለቱን በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል። አንድ ቀን ሱቅ ገብቶ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ «የሺ፣ ከዚያ አለት በስተጀርባ የታፈነ ውሃ አለ። ይሰማኛል። ቢከፈት እኮ ትምህርት ቤቱንም፣ ጤና ጣቢያውንም ማሞቅ ይቻላል» አለኝ። ዓይኖቹ ያበሩ ነበር። ያኔ እኔም አመንኩት። እንደዚያ ሲያወራ የማያምነው ሰው አልነበረም።

ከመንገድ ሠራተኞቹ አለቱን የሚሰነጥቅ ድማሚት ተለመነ። በዕለቱ መምሬ አላምረው ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ልጄ፣ ተው። የሚበቃንን እየሰጠችን አይደለም እንዴ?»

«አባቴ፣ ድማሚቷ ትንሽ ናት እኮ። አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የምሰነጥቀው።»

«እኔ ስለ ድንጋይ አላውቅም። ግን ተው።»

«አይዞዎት አባቴ፣ አብሽሩ። የማደርገውን አውቃለሁ።»

ራቅ እንድንል ነገረንና የድማሚቱን ክር በገዛ እጁ ለኮሰው። ድምፁ እንደፈራነው ትልቅ አልነበረም፤ ከምድር ሆድ ውስጥ እንደመጣ ጓጓታ ነው። ጭሱ ሲበተን ውሃው በሦስት እጥፍ ሆኖ እየተንፎለፎለ ወጣ። ሴቶቹ እልል አልን። ካድሬው ጋሼ ውብሸትን አቅፎ ሳመው። ማታ ላይ ግን ውሃው ሳሳ። ጠዋት ስንሄድ አለቱ ደርቆ ነበር። ከሥሩ በተከፈተው ስንጥቅ ጆሮአችንን ስንጥል ውሃው ከሩቅ፣ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማል። ጋሼ ውብሸት ስንጥቁ ላይ በደረቱ ተኝቶ ያዳምጥ ነበር። ተነሣ ብንለው አልተነሣም።

ጉብኝቱ ሲቃረብ ካድሬው የራሱን ነገር ማዳን ነበረበት። ቄሱ ሰው ልከው ውሃውን ወደ ገደል አዙረውታል፣ ሥራውን ለማደናቀፍ ነው ብሎ አስወራ። መምሬ አላምረው ታሰሩ። እስር ቤቱ ወለሉ እርጥብ መሬት ነው፤ ጊዜውም የብርዱ ጊዜ። ከዚያ በአዲሱ ቤት ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ወለሉ ቀዝቅዞ ሁላችንም እግራችንን እያፈራረቅን ቆመናል። ካድሬው ስለ አሻጥረኞች ብዙ ተናገረ፤ ከዚያ ሕዝቡ እንዲያወግዝ ጠየቀ።

ጋሼ ውብሸት ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ። ፈቃድ እስኪሰጠው አልጠበቀም።

«ውሃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ድማሚቱን የቀበርኩት እኔ፣ ክሩን የለኮስኩት እኔ። መምሬ ተው ብለውኛል፤ አልሰማሁም። እሳቸው የታሰሩበት ቦታ የእኔ ነው።»

«ጓድ ውብሸት፣ የምትናገረውን አስበህ ነው?»

«አሁን አስቤ ነው። ሳላስብ ያደረግኩት ያኛውን ነው።»

«ተቀመጥ!»

«አልቀመጥም። እሳቸውን ፍቱና እኔን ውሰዱ።»

ወሰዱት። መምሬም ተፈቱ፤ እግራቸው ግን ከዚያ በኋላ አልተሸከማቸውም። ቤታቸው በር ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ይውሉ ነበር። ጉልበታቸው ሲያብጥ ድሮ ቢሆን የሚታጠቡባት ውሃ ነበረች።

ጋሼ ውብሸት እስከ ክረምቱ መጨረሻ እስር ቤት ቆይቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ተፈታ። ከስቶ ነበር። ሱቅ ሲመጣ ላጽናናው ብዬ «ጋሼ፣ ግድግዳው እኮ አሁንም የቀኑን ሙቀት ይይዛል፤ ከድሮው ሱቅ በስንት ይሻላል» አልኩት።

«ስለ ቤቱ አታውሪኝ፣ የሺ።»

«ሰው ሁሉ እንዳስገደዱህ ያውቃል።»

«አላስገደዱኝም» አለ። «እምቢ ባልኩ ኖሮ ሌላ ቦታ ይቀይሩኝ ነበር፤ በቃ። አንዴ ሲያመሰግኑኝ ጣመኝ። ይኸው ነው።»

ሴቶቹ የመጣብን መቅሰፍት ነው ይሉ እንደነበር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«መቅሰፍት ቢሆንማ ደስ ባለኝ፤ ንስሐ ገብቼ እተኛ ነበር። ከሥር ያለው አለት ስስ መሆኑን ማየት ነበረብኝ። ሌላ ምንም የለም፤ አላየሁም።»

ከዚያ ሙቄን ፍለጋ ጀመረ። ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ገደሉን ይወርዳል። ከአለት የሚወጣ ውሃ ባገኘ ቁጥር እጁን ይከታል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዳንዴ ሰይድ አብሮት ይወርድ ነበር። የከተማው ሰው «ሊያብድ ነው» አለ። መምሬ ዘንድ ደግሞ እየሄደ «አባቴ፣ ቀኖና ስጡኝ» ይላቸዋል። «ፈትቼሃለሁ እኮ» ይሉታል። «መፍታትዎን አውቃለሁ፤ ቀኖና ነው የምለው» ይላል።

በጥር ወር አንድ ቀን ሱቁን ልዘጋ ስል መጣ። ልብሱ ተቦጫጭቋል፣ እጁ ደምቷል።

«አገኘኋት» አለ።

«ሙቄን?»

«ከገደሉ መጨረሻ ነው የምትወጣው። ያው ሙቀቷ እንዳለ ነው። የሚጠጧት ዝንጀሮዎች ናቸው።»

«ታዲያ ተመልሳ አትመጣም?»

«ትመጣለች» አለና ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ሞተር ከተተከለ፣ ናፍጣ ሌት ተቀን ከተቃጠለ ትመጣለች።»

በመጨረሻ ያየሁት ከዚያ ጥቂት ቀን በኋላ ነው። ወደ ጎጃም ተቀይሮ ነበር፤ ሊሄድ ሲል መምሬ ውሃዋ ያለችበት እንውረድ፣ ልባርካት አሉ። በቃሬዛ ይዘናቸው ወጣን። ጋሼ ውብሸትና ሰይድ ከፊት፣ ሁለት የደብሩ ሰዎች ከኋላ ተሸከሙ፤ እኔ ስንቅ ይዣለሁ። ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ግን ከዚያ በታች ያለው መንገድ የፍየል መንገድ ነበር። ሰይድ ሞከረ፤ ቃሬዛው ሊገለበጥ ሆነ።

«አውርዱኝ» አሉ መምሬ። «እዚሁ ይበቃኛል።»

አፋፉ ላይ አስቀመጥናቸው። የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ገደሉ ዘርግተው ብዙ ጸለዩ። ታች ምንም አይታይም፤ ጉም ብቻ ነው። ከዚያ ጋሼ ውብሸትን ጠሩት።

«ቀኖና ስጡኝ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ አልከረምክም? ይኸው። ውረድና በእኔ ቦታ ታጠብ። ደስ ብሎህ ታጠብ። ቀኖናህ ይኸው ነው።»

ባዶ ጀሪካን አንሥቶ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። እኛ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ሰይድ ለመምሬ ጥላ ያዘላቸው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሼ ውብሸት አንዲት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ወጣ። ተንበርክኮ የመምሬን እግር ገለጠና ውሃውን እያፈሰሰ ያሸላቸው ጀመር። በመንገድ ቀዝቅዞ ነበር፤ መምሬ ሲነካቸው ሰውነታቸው ሸምቀቅ ሲል አይቻለሁ።

«እሷ ናት» አሉ። «አወቅኋት።»

ጋሼ ውብሸት ቀና አላለም። ጨርሶ እግራቸውን በካፖርቱ አደረቀው።

«አንተስ፣ ታጠብክ?» ሲሉ ጠየቁት።

«አዎ፣ አባቴ።»

መምሬ ሊባርኩት እጃቸውን አናቱ ላይ አኖሩ። ጣቶቻቸው ፀጉሩ ውስጥ ገቡና ቆሙ። ከአጠገባቸው ስለነበርኩ አየሁት፤ ፀጉሩ ደረቅ ነበር፤ የገደሉ አቧራ እንዳለ ነው። መምሬ ግን እጃቸውን አላነሡም። እሱም ከተንበረከከበት አልተነሣም።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ መምሬ «በሉ ይመሻል፣ አንሡኝ» አሉን፤ ቃሬዛውን አንሥተን ተመለስን።